የዓርብ ስድስት ሰዓት ውሃ

ሉብና መጀመሪያ ከአንዲት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ላይ ሲም ካርዱን ታወጣለች። ወርቃማ ፊቱን በላጲስ ሦስት ጊዜ በስሱ ትፈትግና ብናኙን እፍ ትለዋለች። በአውራ ጣቷ ጥፍር ገፍታ ቀጭ እስኪል ወደ ቦታው ትመልሰዋለች። ቦርዷ ከክብሪት ቀፎ ብዙም አትበልጥም፤ ሥራዋ አጭር መልእክት መላክ ብቻ ነው። ማደሪያዋ የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ነው፤ የሽቦ ማስገቢያ ቀዳዳዎቹን ሉብና ራሷ በጋለ ምስማር ነው የበሳቻቸው። አንቴናውን በጣቷ ብቻ ታጠብቃለች፤ በፒንሳ ከጠበቀ ጥርሱ ይበላል። የባትሪውን ሁለት ጫፍ በቴስተር ትለካለች፤ አሥራ ሁለት ነጥብ ስድስት። መጀመሪያ ቀዩን ሽቦ፣ ቀጥሎ ጥቁሩን። ትንሿ መብራት ቶሎ ቶሎ ብልጭ ትላለች፤ ኔትወርክ እየፈለገች ነው። በየሦስት ሰከንዱ አንዴ ማለት ስትጀምር አግኝታለች። ሉብና «ሙከራ» ብላ ወደ ራሷ ስልክ ትልካለች። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ሲንቀጠቀጥ ክዳኑን ትገጥምና አራቱንም ጎን ተጭና ትፈትሻለች።

ይቺ ምሳ ዕቃ ሰሜን ወሎ፣ ግራና ከተማ አጠገብ ባለ አንድ ቦይ ላይ ለስልሳ አራት ገበሬዎች የውሃ ተራቸውን ትናገራለች። ውሃው ሌሊት በኩሬ ይጠራቀማል። ቀን ቀን ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ ሁለት፣ ለአራት ሰው ሦስት ሦስት ሰዓት ይደርሳል። ዙሩ በአሥራ ስድስት ቀን ይሞላል። ለባለተራው በዋዜማው እንዲህ የሚል መልእክት ይገባል፤ «ነገ ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ውሃው የእርስዎ ነው። ሲጨርሱ ወደ እገሌ ማሳ ይመልሱ።»

ሉብና ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። የተወለደችው እዚያው ግራና አጠገብ፣ ኮምፒዩተር የተማረችው ወልድያ፣ የምትሠራው ደግሞ መርሳ ከተማ ነው፤ ከዋናው መንገድ ዳር፣ የውሃ ፓምፕ መለዋወጫ ከሚሸጥበት ሱቅ ጀርባ ባለች አንድ ክፍል ውስጥ። «ወልድያ! ወልድያ! ሁለት ሰው!» የሚለው የረዳቶች ጩኸት እስከ ጠረጴዛዋ ይደርሳል። ተማሪ ሳለች አንዱ ኮምፒዩተር ለአራት ሰው ነበር። ተራዋ እስኪደርስ ኮዱን በደብተር ጽፋ ትጨርስና ኮምፒዩተሩ ላይ ስትቀመጥ መገልበጥ ብቻ ይቀራታል። በጦርነቱ ወራት መብራትም ኔትወርክም ሲጠፋ በደብተር መጻፏን ቀጠለች። ዛሬም ነገር ሲጠብቅባት ላፕቶፑን ዘግታ እስክሪብቶ ነው የምታነሳው።

የሙያ ጓደኞቿ በአካባቢው አሥራ አንድ ናቸው፤ ቴሌግራም ላይ «ቅንፍ» የሚባል ግሩፕ አላቸው። የግሩፑ መሪ ወልድያ ውስጥ የመሥሪያ ቤቶችን ኔትወርክ የሚዘረጋው ሚስባህ ነው። ሕጉንም ያወጣው እሱ ነው፤ ጠዋት አንድ የቴክኖሎጂ ዜና ይለጠፋል፣ አስተያየት መስጠት ክልክል ነው፣ የሚፈቀደው መመረቅና «አሚን» ማለት ብቻ ነው። ሦስት ቦታ የሚታጠፍ ስልክ ወጣ የሚል ዜና ሲመጣ ሚስባህ ጻፈ፤ «ስልኩ ይታጠፍ፣ የኛ ወገብ አይታጠፍ።» አሚን! አሚን! የአንድ ትልቅ የውጭ ኩባንያ ሰርቨር ወድቆ ግማሽ ዓለም ሥራ ፈታ በተባለ ቀን ደግሞ ወልድያ ኮምፒዩተር የምታስተምረው ቃልኪዳን ተራዋን ወሰደች፤ «የነሱ ሲወድቅ ዜና ነው፤ የኛ ሲወድቅ ጠያቂም የለው። ወድቀን የምንታወቅ ያድርገን።» አሜን! ሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም ጻፊዎችን ሊተካ ነው የሚል ዜና የመጣ ዕለት ምርቃቱ ጎረፈ። «ማሽኑ ይጻፍ፣ ተወቃሽ ግን አይጣ።» «መብራት ሲጠፋ የሚያደርገውን ያሳየን።» ሉብናም «ከደብተሬ ጋር ያወዳድረው» ብላ ጻፈች። ስትጽፈው ለቀልድ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ግን ሞከረችው።

የውሃ ተራውን ፕሮግራም ሦስት ወር ደክማበት ነበር። ለማሽኑ በአማርኛ ጻፈችለት፤ ስልሳ አራት ስም፣ በቀን አራት ተራ፣ አሥራ ስድስት ቀን፣ መልእክቱ በዋዜማው ይላክ። በአራት ደቂቃ ጨረሰው። ሉብና ሰዓቷን ሁለት ጊዜ አየች። ሁለት ቀን ሙሉ ከደብተሯ ጋር መስመር በመስመር አመሳከረችው። የማሽኑ ልክ ነው። የሷ ሁለት ቦታ ላይ ስህተት ነበረበት፤ አንዱ ጳጉሜን ስድስት ቀን በምትሆንበት ዓመት የሚያሳስት ነው፤ ያለ ማሽኑ ሳይታይ በኖረ ነበር። ወጥታ በሩ ላይ ተቀመጠች። የሱቁ ባለቤት «ምን ሆንሽ፣ አመመሽ?» ቢላት «አላመመኝም፣ አንድ ነገር አይቼ ነው» አለችው። ምን እንዳየች ግን ብትነግረውም የሚገባው አልመሰላትም።

ኅዳር ላይ በማሽኑ የተጻፈው ፕሮግራም ሥራ ጀመረ። ለሉብና ይሄ የመጀመሪያዋ ቦይ ነበረች። ይቺ ከተሳካች የሀብሩ ወረዳ ሌሎች ቦዮችም ይጠሯታል፤ ካልተሳካች ክፍሏን ዘግታ፣ ላፕቶፗን ይዛ፣ አዲስ አበባ ሥራ ፍለጋ መውረድ ነው። ከቤቷ መራቅ እንደማትፈልግ የሚያውቃት ሁሉ ያውቃል።

አራት ቀን በሰላም ሄደ። በአምስተኛው ቀን ዓርብ ሆነ።

ከሦስት እስከ ስድስት ያጠጣው ደሳለኝ የሚባል ገበሬ ነበር። ሲጨርስ ስልኩን አየ፤ «ወደ አብዱልሐሊም ማሳ ይመልሱ» ይላል። መለሰና ወደ ቤቱ ሄደ። አያ አብዱልሐሊም የቦይዋ የውሃ አባት ናቸው፤ ተራ የሚደለድሉ፣ ጠብ የሚዳኙ፣ ከተሾሙ ሠላሳ ዓመት የሞላቸው። በዚያ ሰዓት ግን እንደ ዓርቡ ሁሉ መስጊድ ነበሩ። ውሃው ባለቤት በሌለበት ማሳቸው ገባ፣ ሞላ፣ ድንበሩን ጣሰና አራት መደብ የሽንኩርት ችግኝ ይዞ ወረደ።

ሉብና ሲነገራት ቅዳሜ ጠዋት ባጃጅ ተሳፍራ ሄደች። አያ አብዱልሐሊም ማሳቸው ዳር ቆመው ነበር።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ አያ።»

«ወዓለይኩም ሰላም። ነይ ልጄ፣ ነይ ሽንኩርቴን ላስጎብኝሽ። ይሄ መደቡ ነው፤ ሽንኩርቱ ወንዝ ወርዷል።»

«ይቅር ይበሉኝ፣ አያ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«የሷ ብቻ አይደለም!» አለች ከድንበሩ ማዶ እትዬ አስካለ፤ ጎረቤታቸው ናት፣ ማሳቸው ይገናኛል። «ውሃው ሲንዶለዶል ሰምቻለሁ እኮ! ስልኬን አየሁት፤ ያንቺ ተራ ነው የሚል ነገር አልገባበትም። እንግዲህ መንግሥት ደንቡን ቀይሮታል ብዬ ቁጭ!»

«ሠላሳ ዓመት ዓርብ ዓርብ ውሃዬን ስትወስጂ ማን ጽፎልሽ ያውቃል? ዛሬ ስልክ አማረሽ?» አሏት አያ።

«እርስዎስ? እሑድ ጠዋት እኔ ቅዳሴ ስሆን የኔን ሲያጠጡ ማን ጽፎልዎት ነበር?»

ሁለቱ ሳቁ። ሉብና አልሳቀችም። ነገሩ የገባት እዚያው ቆማ ነው። ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ የሙስሊሙን ተራ ክርስቲያን ጎረቤቱ ይወስድለታል፤ የክርስቲያኑ የእሑድ ጠዋት ተራ ደግሞ የሙስሊም ጎረቤቱ ነው፤ በሚቀጥለው ዙር ይካካሳሉ። ሉብና ይህን ታውቀዋለች። የናቷ ማሳ እዚህችው ቦይ ላይ ነው፤ ዓርብ ዓርብ ውሃው ወደ ጎረቤት ሲታጠፍ እያየች ነው ያደገችው። ደንብ መሆኑ ግን ታይቷት አያውቅም፤ በቃ ዓርብ እንዲህ ነው የሚሆነው። ስለዚህ ደብተሯ ላይ አልጻፈችውም፣ ለማሽኑም አልነገረችውም። ማሽኑ የነገረችውን አንድ ሳያጎድል ሠራ።

«በሚመጣው ቅዳሜ ኩሬው ዘንድ ስብሰባ አለ» አሏት አያ። «ደሳለኝ ሳጥኑ ይጣል እያለ ነው። የሚደግፉትም አሉ። እኔ ሽንኩርቴ የሄደብኝ ሰው ነኝ፣ ላግዝሽ ብል ማን ይሰማኛል?»

ሉብና ለግሩፑ ሁሉንም ጻፈች። ሚስባህ ጊዜ አልፈጀም። «የምንጽፈው ኮድ ችግኝ ያብቅል እንጂ ችግኝ አያፍልስ።» አሚን! ቃልኪዳን፤ «የሰርቨር ውድቀት ሰምተን ነበር፤ የምሳ ዕቃ ጎርፍ ለማየት ያበቃን ይመስገን።» አሜን! ሉብና በንዴት ስልኳን ልትዘጋ ስትል ሳቋ አመለጣት። አያ «ምን ያስቅሻል?» ቢሏት አነበበችላቸው። ከልብ አዳመጡ።

«ይሄ ምርቃት አይደለም» አሉ። «ምርቃት የሚመረቅ ሰው አለው። ይሄ ማንን ነው የመረቀው?»

«ማሽኑን ነው፣ አያ።»

«ማሽኑ አሚን ይላል?»

«አይልም።»

«እንግዲያ አሚን የሚል ሰው መርቁ። ለጓደኞችሽ ንገሪያቸው።»

ሰኞ ተመልሳ መጣች። ስልኳን መቅጃው ላይ አድርጋ በአያ ደረት ኪስ ከተተችው፤ ከኩሬው ጀምረው እስከ ቦይዋ መጨረሻ አብረው በእግር ወረዱ። አንድ ሰዓት ከሰባት ደቂቃ ፈጀ። ሉብና የጠየቀችው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ «ማንም የማይነግረኝ ምን አለ?» አያ እያንዳንዱ ማሳ ላይ እየቆሙ ነገሯት። የአራስ ቤት ተራ አይዘለልም፤ አርባ ቀን ጎረቤት ያጠጣላታል። ለቅሶ የተቀመጠ ሰው ሦስት ቀን ውሃ አይነካም፤ ሲነሳ ግን ቀዳሚ እሱ ነው። በረመዷን የዘጠኝ ሰዓቱ ተራ ከጠዋቱ ጋር ይቀያየራል፤ ጾመኛ በፀሐይ ዶማ አያነሳም። እንደ ጥምቀት ያሉ ትልልቅ የክርስቲያን በዓላት ሲውሉ ክርስቲያኖቹ ቀኑን ሙሉ ውሃ አያጠጡም፤ ለዒድ ደግሞ ሙስሊሞቹ አያጠጡም። ይህን ሁሉ የያዙት በቃላቸው ነው። ሉብና መርሳ ገብታ ቅጂውን ስታዳምጥ አንድም ቦታ ተሳስተው ራሳቸውን ያረሙበት አላገኘችም። ይሄም እንደ ማሽኑ አራት ደቂቃ አስደነቃት፤ የሠላሳ ዓመት ቅያሪ፣ ማን ለማን ስንት ሰዓት እንደሚመልስ፣ አንድ ሰው ውስጥ ተቀምጦ ይኖራል፣ ማታም ይተኛል።

ቅጂውን አንድ ቀን ሙሉ በጽሑፍ ገለበጠችውና ለማሽኑ ሰጠችው። ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። ሠላሳ አንድ ደንብ አድርጎ ዘረዘረው፤ ፕሮግራሙን አስተካከለው። ከሥሩ ግን አንድ ጥያቄ ነበር፤

«ጥምቀት ዓርብ ቀን ቢውልና የስድስት ሰዓቱ ባለተራ ሙስሊም ቢሆን፣ እሱ መስጊድ ነው፤ ክርስቲያን ጎረቤቱም በዓል ላይ ነው። ውሃው የማን ነው?»

ሉብና ሦስት ጊዜ አነበበችው። መልሱን አታውቀውም። ለናቷ ደወለች፤ እናቷም አታውቀውም። ጥያቄውን ፎቶ አንስታ ግሩፑ ላይ ለጠፈችው። አንድ ሰዓት ሙሉ ማንም አልመረቀም። ከሰዓት በኋላ ሚስባህ በሚኒባስ ከወልድያ መጣ። ሰላምታ እንኳ አልሰጠም፣ ቀጥታ ስክሪኑ ፊት ቆመ።

«ማን ነገረው?»

«ማንም።»

«ጥምቀትን ነግረሽዋል። ዓርብንም ነግረሽዋል።»

«አዎ። አንድ ላይ ግን አልነገርኩትም።»

«ሱብሓነላህ» አለ ሚስባህ፤ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ጥያቄውን እንደገና አነበበው። «እኔ ብሆን እጠይቅሽ ነበር?» አላት።

«አትጠይቀኝም። እኔም አልጠየቅሁም።»

ሉብና ለአያ አብዱልሐሊም ደወለችና ጥያቄውን እንዳለ አነበበችላቸው።  «ይሰማል፣ አያ?» አለች።

«ይሰማል። ማን ነው የጠየቀሽ?»

«ማሽኑ ነው፣ አያ።»

«ወላሂ በይ።»

«ወላሂ።»

«የውሃ አባት ከሆንኩ ጀምሮ ይሄን የጠየቀኝ ሰው የለም። ከዚያ በፊት አንድ ሰው ጠይቆ ያውቃል። እኔ ነኝ፤ አባቴን።»

«ምን አሉዎት?»

«ያን ቀን ውሃው የታች ሰዎች ነው። ከቦይዋ መጨረሻ በታች ያሉት፣ ተራ የሌላቸው። እኛ ሁላችን በየአምልኳችን ስንሆን ለነሱ ይለቀቃል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ያየሁት ሁለት ጊዜ ነው።»

ሉብና ሠላሳ ሁለተኛ አድርጋ ጻፈችው።

ቅዳሜ ኩሬው ዘንድ ሰው ሞላ። ደሳለኝ አስቀድሞ ተነሳ፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን የሰው ሽንኩርት በእጁ ስለጠፋ ተቃጥሏል። «ስልኩ መልስ አለኝ፣ መለስኩ። ዓርብ መሆኑን እያወቅሁ! አንድ ስልክ እንዲህ ካደነዘዘኝ ይጣል። ሳጥኑ ወንዝ ይግባ!»

«አንተን ሳጥን አላደነዘዘህም፣ ድሮም ነህ!» አለች እትዬ አስካለ። ሳቅ ሆነ።

ሉብና ተነሥታ ያጠፋችውን ተናገረች። ሠላሳ ሁለቱን ደንብ አንድ በአንድ አነበበች። ሰዎቹ አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙ፤ አንዳንዱ «ይሄማ የታወቀ ነው» ይላል። የመጨረሻውን ግን ሳታነብ አያ አብዱልሐሊም እጃቸውን አነሱ።

«እሱን ቆይ። ጥምቀት ዓርብ ቢውል የስድስት ሰዓቱ ውሃ የማን ነው?» ብለው ሰዉን ጠየቁ።

አንዱ «የኩሬው ነው» አለ፣ ሌላው «የቀደመው ሰው ነው» አለ፣ አንዱ ደግሞ «የኔ ነው» ብሎ አሳቀ። የሚያውቅ አልነበረም።

«ደሳለኝ፣ አንተ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

«አላውቅም፣ አያ።»

«ልጄም ጠይቆኝ አያውቅም። ማሽኑ ጠየቀ። እኔ ነገ ብሞት ይሄ ደንብ አብሮኝ ይቀበር ነበር፤ ያን ቀን ደግሞ የታች ሰዎች ውሃቸውን አጥተው፣ እኛም እንደወሰድንባቸው ሳናውቅ እንቀራለን። ሽንኩርት እንደገና ይፈላል።» መልሱን ነገሯቸውና ተቀመጡ።

ክርክሩ ግን በዚህ አላለቀም፤ ሁለት ሰዓት ፈጅቷል። በመጨረሻ ሳጥኑ ለሁለት ዙር ይቆይ ተባለ፤ ደሳለኝ ሁለት ነገር አስገብቶ ነው የተስማማው። አንደኛ፣ አያ በስልካቸው አንድ ቁጥርን ነክተው ካልፈቀዱ መልእክቱ አይላክ። ሁለተኛ፣ መልእክቱ ሲመጣ «ከአብዱልሐሊም» ይበል። «ከሰው ጋር መከራከር ይቻላል» አለ ደሳለኝ፤ «ከምሳ ዕቃ ጋር ምን ልባባል?» ሉብና ሁለቱንም እዚያው ሣር ላይ ተቀምጣ አስገባች። የመጀመሪያው ለሁሉም የሚሄድ የሙከራ መልእክት ነበር፤ አያ ጣታቸውን ቁልፉ ላይ አቆይተው፣ «ቢስሚላህ» ብለው ነኩ። የስብሰባው ሰው ኪስ ተራ በተራ ሲንቀጠቀጥ ሽማግሌው እንደ ሕፃን ዞረው ዞረው አዩ።

ሁለቱ ዙር አልቋል፤ ሳጥኑ አለ። ከሌሎች ቦዮች ሦስት ሰዎች ደውለውላታል። ሉብና ግን ሳጥን ይዛ አልሄደችም፤ የየቦዩ ዓርብ የተለያየ መሆኑን አሁን ታውቃለች። ይህን ታሪክ ልጽፍ እንደሆነ ስትሰማ ስለሷ ምን እንደምጽፍ አልጠየቀችኝም። አንድ ነገር እንዳደርስላት ብቻ ለመነችኝ፤ በራሷ አፍ ይኸውና፤

«ቦይ ያለበት አገር ያላችሁ፣ ዘመድ ያላችሁም፣ የውሃ አባታችሁ በሕይወት እያሉ ሄዳችሁ አብራችኋቸው ቦዩን ውረዱልኝ። የተጻፈውን ደንብ አልፈልግም፣ እሱ ጽሕፈት ቤት አለ። ሲነግሯችሁ ‹ይሄማ ሁሉም ያውቀዋል› ብለው ሊያልፉት የሚሉት ነገር አለ። እዚያ ላይ አስቁሟቸው፣ ስልካችሁን አውጡ፣ ቅዱና ላኩልኝ።»